የመርሳ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ። ቦታ፦ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ።
አጀንዳ አንድ፦ የከተማው ፕላን።
አጀንዳ ሁለት፦ የኩፍኝ ክትባት።
ጸሐፊ፦ እኔው፣ አበጋዝ አራጋው።

መርሳ ላይ ተወልዶ ጸሐፊ የሆነ ሰው፣
ሥራው አለመርሳት፣ ያገሩ ስም የሚያምሰው።

ካርታው ተሰቀለ በጥቁር ሰሌዳ፣
ወንዙ እንደ ጸጉር ቀጥኖ፣ መንገዱ እንደ ሜዳ።
ባለሙያው መጣ፣ ዱላ ይዞ፣ ከደሴ፤
ሕጉን ሲያነብ ጻፍኩ፣ ተይዛ እስትንፋሴ፦
"አንቀጹ እንዲህ ይላል፤ ንዑስ አንቀጹ ደግሞ፣
ነዋሪው ይሰማል፣ ይጠየቃል ቀድሞ።"
"ቀድሞ" የሚለውን ከሥር አሰመርኩበት፤
ቀይ ቀለም ወር ሆኖት ደርቋል በየሰው ቤት።

ዙሪያሽ ይመር ተነሣች፣ ሻርፗን አጣፍታ፣
"የኔስ ቤት የቱ ጋ ነው?" አለች ተጠግታ።
ባለሙያው ፈለገ፤ ዱላው ዞረ፣ ዞረ፣
መኪና ማቆሚያው ላይ፣ እመሃሉ ቀረ።
"እዚህ ነው?" "እዚህ ነው።" "ጓዳዬስ?" "እሱም ነው።"
"እሺ፣ ያቁሙበት፤ እኔን የት ልታቆሙኝ ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁን አልጻፍኩትም፤
ቃለ ጉባኤ ላይ ሳቅ ዓምድ የለውም።

አባ ሙሄ ማንጎውን አላነሡም ከቶ፦
"ከተማው አይደግ ወይ? ይደግ እንጂ፣ በርትቶ!
ቧንቧ እኔም እሻለሁ፣ መብራቱም ይግባልኝ፤
ልጄን ስትድሩ ግን፣ እኔን አማክሩኝ።"

አጀንዳ ሁለት። ጦይባ ገባች፣ ከጤና ኬላ፣
ሰማያዊ ሣጥኗን በትከሻዋ አንጠልጥላ።
አፏን ሳትከፍት ካሳዬ፣ የባጃጁ፣ ቀደማት፦
"ይኼም ያው እጅ ነው፣ ቤቴን ያሰመረው፤
ዛሬ መርፌ ይዞ ልጄን ምን ቸገረው?
ደግሞም ያመክናል ይላሉ፣ ሰምቻለሁ።"
ዝም አለ ጉባኤው። ጻፍኩ፦ "ሰምቻለሁ።"

እማ ፋጤ አልተነሡም፤ እተቀመጡበት፦
"በኛ ጊዜ ልጅ አይቆጠርም፣
ኩፍኝ ሳይወጣለት።
ስንት ወለድሽ ሲሉኝ፣ አላህ ያውቃል ብዬ
አልፍ ነበር።
ሁለቱ ሳይቆጠሩ ሄዱ፣ ካሳዬ።

ይቺ ልጅ ሦስት ጊዜ መጣች እደጃፌ፣
ቁጭ ብላ መለሰች፣ ስጠይቃት ለፍልፌ።
ጠርሙሱን አሳየችን፣ ቀኑ እንዳላለፈ።
የልጅ ልጄን ቢያተኩሰው፣ 'አብሽሪ፣ እመጣለሁ' አለች፤
መጣችም በነጋታው።
የናንተው ፕላን ግን፣ ማታ ነው የመጣው፣
በር ሳያንኳኳ፣ ግድግዳ ላይ የወጣው።"

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየና፣ ጎንበስ ብሎ፣
"ጻፍ" አለኝ፣ "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ሁለቱም፣ ተጠቃሎ።"

አጀንዳ ሁለት ጸደቀ። እውነት ነው፣ ጻፍኩት።
ካሳዬን ከሰልፉ ጫፍ፣ ልጁን አቅፎ አየሁት፣
ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ መርፌውን ላለማየት።

አጀንዳ አንድ ላይ ግን፣ እንዲህ ነው ያሰፈርኩት፦
"ከወ/ሮ ዙሪያሽ ጥያቄ፦ እኔን የት ልታቆሙኝ ነው?
መልስ፦"
ከዚያ ሁለት መስመር፣ ባዶ።
ሊቀ መንበሩ ፈረመ፣ ሳያነብ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶበት።

ማታ ዘነበ።
እኔ ቤት በር ላይ ጦይባ በጠመኔ የጻፈችው፣
ሁለት ልጅ፣ ሁለቱም ተከትበዋል የሚለው፣
ታጥቦ ወረደ። አላሳሰበኝም፤
ክንዳቸው ውስጥ ገብቷል፣ ዝናብ አይደርስበትም።
ከጎኑ ያለው ቀይ መስቀል ግን ይበልጥ ፈካ፣
እንደ ትናንት ቀለም።

አዎ፣ የኔም ቤት ነው።
አዳራሹ ውስጥ አልተናገርኩም፤
ጸሐፊ ሐሳብ አይሰጥም።

መዝገቡን የሚሻ ቢመጣ፣ ከቀበሌው ቁም ሣጥን ነው፤
ሁለቱ ባዶ መስመር ገጽ አርባ ሦስት ላይ ናቸው።